ከግላኮማ ኦፕራሲዮን በኋላ የሚሰጠው ጠብታ ግፊት ይጨምራል?

ናይሮቢ፦ መሃል ከተማው ውስጥ፣ ከቶም ምቦያ ጎዳና ወደ ሪቨር ሮድ ሲወረድ፣ «ኬሚስት» የሚል ጽሑፍ ሳያዩ ብዙ መራመድ አይቻልም። በቅርቡ የብሎካችን ነዋሪ የሆኑ አንድ አባትን ለማስተርጎም አብሬያቸው ሄጄ ነበር። አባታችን ቀኝ ዓይናቸውን ለግላኮማ ኦፕራሲዮን ከተደረጉ አምስተኛ ሳምንታቸውን ይዘዋል። ከኪሳቸው ያለቀ የጠብታ ብልቃጥ አወጡና «ልጄ፣ ይህችኑ ገዝተን እንመለስ። ዓይኔ አላመመኝ፣ ወረፋ ምን ያደርግልናል?» አሉኝ። ሻጩም የሐኪም ወረቀት አልጠየቀም። ብልቃጡን ገልበጥ አድርጎ አየና ሌላ ሊያወጣ ዞረ።

ያልገዛነው ገንዘብ ስላነሰን ነው እንጂ ብልህ ሆነን አይደለም። ከሰዓት በኋላ ሐኪም ዘንድ ቀርበን የዓይናቸው ግፊት ሲለካ 29 ሆነ። ከሁለት ሳምንት በፊት 13 ነበር። ጤነኛ ሰው ላይ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 21 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ነው። አባታችን ግን ምንም አልተሰማቸውም! የግላኮማ ክፋቱም ይኸው ነው፤ አያምም፣ አያሳክክም፣ ዝም ብሎ ከዳር ከዳር እይታን ይበላል። የዓይን ሞራ ቢሆን ተገፎ ሰው መልሶ ያያል፤ በግላኮማ የሞተ ነርቭ ግን አይመለስም። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በተደረገው ብሔራዊ ጥናት ከዓይነ ስውርነት ምክንያቶች የዓይን ሞራ ግማሹን ሲይዝ፣ ግላኮማ 5 በመቶ ያህሉን ይዟል።

ነገሩን ሐኪሙ ባስረዱን መሠረት ላስረዳ። ዓይናችን ውስጥ ዘወትር የሚመነጭ ውኃ አለ። እንባ አይደለም፣ የውስጥ ውኃ ነው። ይህ ውኃ በጣም ቀጭን በሆነ ወንፊት በኩል ይወጣል። ወንፊቱ ሲደፈን ውኃው ይጠራቀማል፣ ግፊቱ ይጨምራል፣ ከኋላ ያለውን የማየት ነርቭ ይጎዳል። ትራቤኩሌክቶሚ የሚባለው ኦፕራሲዮን እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ኬርንስ እ.ኤ.አ. በ1968 ካስተዋወቁት ጀምሮ የሚሠራበት ነው፤ በነጩ የዓይን ክፍል ላይ አዲስ የውኃ መውጫ ይከፈታል። ውኃው በላይኛው ቆብ ሥር ሄዶ ትንሽ አረፋ መሳይ እብጠት ይሠራል።

ችግሩ ሰውነታችን ነው። ቁስል ባየ ቁጥር ሊዘጋ ይሮጣል። እግራችን ላይ ቁስል ሲጠግግ ደስ ይለናል፤ እዚህ ላይ ግን ከጠገገ መውጫው ተደፈነ ማለት ነው። ስለዚህ ሐኪሞች ብግነቱን የሚያበርድና ጠባሳውን የሚያዘገይ ጠብታ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ያዛሉ። አብዛኛውን ጊዜ ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታዞን ነው፤ ሁለቱም ስቴሮይድ ከሚባለው ወገን ናቸው። ስቴሮይድ ደግሞ በበኩሉ ያንን የድሮውን ወንፊት ያጠብባል። ይህ የታወቀው ዛሬ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በአሜሪካ የተደረጉ ጥናቶች ከሌላው ሰው ሲሶ የሚሆነው ላይ መጠነኛ ጭማሪ፣ ከመቶ አምስት ያህሉ ላይ ከፍተኛ ጭማሪ አሳይተዋል። ግላኮማ ያለበት ሰው ላይ ዕድሉ በጣም ይብሳል። ጭማሪው የሚታየውም ብዙውን ጊዜ ከተጀመረ ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። አባታችን እዚያው መሃል ላይ ነበሩ።

እንግዲህ «ጠብታው ግፊት ይጨምራል ከተባለ ጣለው» የሚል ወሬ ካምፓችን ውስጥ ሰምቻለሁ። አንድ ሌላ ሰው በዚሁ ወሬ በሁለተኛው ሳምንት አቁሞ መውጫው በጠባሳ ተደፍኖበታል። ግፊት ከኦፕራሲዮን በኋላ ሲጨምር ተጠርጣሪው ሁለት ነው፦ ወይ ጠባሳው፣ ወይ ጠብታው። መድኃኒታቸው ደግሞ ተቃራኒ ነው። ጠባሳ ከሆነ ስቴሮይዱ ሊጨመር ይችላል፤ ጠብታው ከሆነ ይቀነሳል። ይህን በመብራቱና በአጉሊው መሣሪያ አረፋውን አይቶ የሚለየው ሐኪም ብቻ ነው። እኔም፣ እርስዎም፣ ሻጩም አንለየውም።

የአባታችን አረፋ ደህና ቆሟል፣ አልቀላም ተባለ። ሐኪሙ ጠብታውን ወደ ለዘብተኛው ፍሉሮሜቶሎን ቀየሩላቸው፤ ግፊት የሚቀንስ ቲሞሎልም ጨመሩላቸው። ቲሞሎል ከመታዘዙ በፊት «ምዜ፣ አስም አለብዎት?» ተብለው ተጠይቀዋል። አስም ያለበት ሰው ይህን ሳይናገር እንዳያልፍ፤ በዓይን የገባ ጠብታ ትንፋሽ ሊያጥር ይችላል። ከስቴሮይድ ወገን ያልሆኑ፣ እንደ ኬቶሮላክና ዲክሎፌናክ ያሉ የብግነት ጠብታዎችም አሉ፤ በአብዛኛው ግፊት አይጨምሩም፣ ግን በራስ ፈቃድ የሚተኩ አይደሉም። በአሥረኛው ቀን ሲለኩ 17 ሆነ።

ለወላጆችም አንድ ነገር። ተማሪዎቼ መካከል በአቧራው ሰበብ ዓይናቸው የሚያሳክክ፣ የሚቀላ ልጆች ብዙ ናቸው። ኦፕራሲዮን የማያውቃቸው እነዚህ ልጆች ያንኑ ስቴሮይድ ከሱቅ እየተገዛላቸው ለወራት ይጨመርላቸዋል፤ ማሳከኩን ወዲያው ስለሚያጠፋው ሁሉም ይወደዋል። ግላኮማ ያልነበረበት ልጅ በዚህ መንገድ ግላኮማ ሊያመጣ ይችላል። ብልቃጡ ላይ «ዴክሳ» ወይም «ፕሬድ» የሚል ቃል ካያችሁ፣ ከአንቲባዮቲክ ጋር ተቀላቅሎ ቢሆንም እንኳ፣ ወደ ክሊኒክ ይዛችሁት ሂዱ። ለረጅም ጊዜ ሲጨመርለት የቆየ ልጅ ካለ ግፊቱ እንዲለካለት ጠይቁ።

ነጭ ሆኖ የሚረጋ ጠብታ ከሆነ ሳይነቀነቅ ከተጨመረ ውኃው ብቻ ነው የሚገባው፤ አባታችን ይህን የሰሙት በአምስተኛው ሳምንት ነው፣ እኔም እንደዚያው። ያለቀችውን ብልቃጥ አልጣሏትም። ለሚቀጥለው ሐኪም ላሳይ ብለው በመሐረብ ጠቅልለው ይዘዋታል። ቀጠሯቸው ከሦስት ሳምንት በኋላ ናይሮቢ ነው፤ የጉዞ ፈቃዱ ገና አልወጣም።