ከዘር ወደ ቅጠል፦ የቆቦ ማሳና ፈንገስ

የራያ ቆቦን ገበሬ «የማሽላህ ጠላት ማን ነው?» ብትሉት አቀንጭራን ይጠራል፤ ቀጥሎ ድርቅን፣ አገዳ ቆርቁርን፣ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ለአጨዳ የደረሰ ሰብል ያወደመውን የበረሃ አንበጣ። ፈንገስ ቢነሳ በመጨረሻ ነው። ምክንያት አለው። የቆቦ ሜዳ ቆላ ነው፤ ዝናቡ አጭር፣ ፀሐዩ ብርቱ። ፈንገስ ደግሞ እርጥበት ይሻል፤ ድርቀቱ ራሱ መድኃኒት ሆኖ ኖሯል። ባለፉት አርባ ዓመታት ግን በሽታው መግቢያ በሩን ሲቀያይር መከላከያችን ከዘር እየራቀ ጀርባ ላይ ወደሚታዘል መርጫ ሄዷል። ይህን እንደ እድገት ለማየት እቸገራለሁ።

የመጀመሪያው በር ዘር ነው። አረማሞ የሚባለው የማሽላ በሽታ በርካታ ዓይነት አለው፤ በብዛት የሚታወቀው ፍሬውን ጥቁር ዱቄት ባዘለ ከረጢት የሚተካው ነው። ተንኮሉ አለመታየቱ ላይ ነው። ብናኙ ዘሩ ላይ ተጣብቆ ይከርማል፣ ዘሩ ሲበቅል አብሮ ይበቅላል፣ ቡቃያው ውስጥ ገብቶ ከአገዳው ጋር ሽቅብ ያድጋል። ማሽላው እስኪያሸት ድረስ ጤነኛ ይመስላል። በኋላ አውድማ ላይ የታመመው ራስ ከጤነኛው ጋር ሲወቃ ከረጢቱ ይፈነዳና ዱቄቱ ንጹሑን ፍሬ ሁሉ ይለቀልቃል። የሚቀጥለው ዓመት በሽታ የሚዘራው በዚያች ሰዓት ነው። ማሳ ላይ ከታየ በኋላ የሚረጭ ነገር ምንም አይፈይድም፤ መድኃኒቱ ከመዝራት በፊት ያለው ብቻ ነው።

አባቶች ይህን በከፊል ያውቁት ነበር። ደጋሊትና ጅጉርቲ የተባሉትን የአገር ማሽላዎች የሚዘራ ሰው ለዘር የሚሆነውን ራስ ከማሳው መርጦ ይቆርጣል፣ ለብቻው ያደርቃል፣ ከምድጃ በላይ ጭስ ላይ ይሰቅላል። ከአውድማው ክምር ዘር አይወስድም ማለት ነው። የ1977ቱ ድርቅ ይህን ልማድ ክፉኛ ጎዳው፤ የተራበ ቤት ዘሩን ይበላል፣ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ከገበያ የተገኘውን ይዘራል። የገበያ እህል የማን አውድማ እንደረገጠ አይታወቅም። በዶ/ር መላኩ ወረደ ይመራ የነበረው የዘረ መል ባንክ የገበሬውን ዘር ለማዳን ሸዋና ወሎ ላይ መሥራቱ ትልቅ ውለታ ነው፤ ዘርን ማዳንና ዘርን ከበሽታ ማጽዳት ግን ሁለት ሥራ ነው።

ለሁለተኛው ሥራ ርካሽ መንገድ ጠፍቶ አይደለም። ታይራምን የመሰለ የዘር ማከሚያ ዱቄት አለ። እሱ ከሌለ ቀናት የቆየ የላም ሽንት በውኃ አቅጥኖ ዘሩን ነክሮ ማድረቅ አረማሞን በእጅጉ እንደሚቀንስ በአገራችን ተመራማሪዎች ተፈትኖ ታይቷል። ዱቄቱን የሚፈሩም አሉ፤ እውነት አላቸው፣ የታሸ ዘር ተርፎ ቢበላ መርዝ ነው። ሽንቱ ግን ከበረት ይገኛል፣ ሻጭም አስተዋዋቂም የለውም። ችላ የተባለው ለዚህ ይመስለኛል።

በእነዚሁ ዓመታት የምርምር ዓይን ሌላ ቦታ ነበር። በ2002 ዓ.ም. የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ አቀንጭራን የሚቋቋም ማሽላ አወጡ። ከዝርያዎቹ አንዱ ጎቢዬ ይባላል፤ ከቆቦ በታች ያለችው ከተማ ስም ነው። የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከልም ሆርማትንና ግራና-1ን ሰጠን። በልግ እያታለለ ስለመጣ ቶሎ የሚደርስ ዘር ነፍስ አድን ነበር። ነጭ ፍሬ ያለውና ቶሎ የሚያሸት ማሽላ ግን ዝናቡ አልወጣ ብሎ መስከረምን ከዘለቀ ይሻግታል፤ ቀይና መራራው የድሮ ማሽላ ሻጋታን ይችላል። አዘግይቶ ማጨድ የማይመከረው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው በር ውኃ ነው። የቆቦ-ግራና ሸለቆ ልማት ከከርሰ ምድር ውኃ ስቦ በጋውን ካለማ ወዲህ ሜዳው ሽንኩርት ለበሰ። ከሽንኩርቱ ጋር ቅጠሉ ላይ ወይን ጠጅ መልክ ያለው ቁስል መጣ። ይህ ፈንገስ ቅጠል ለሰዓታት እርጥብ ሆኖ ሲቆይ ይገባል። ማታ ከላይ የሚረጭ ውኃ ያንን ሌሊት ያመቻችለታል፤ በጠብታ የሚጠጣ ወይም በቦይ የሚለቀቅለት ሽንኩርት ቅጠሉ ደረቅ ነው። ተባዩ ትሪፕስ የበሳው ቅጠልም በቀላሉ ይያዛል። ገበሬው ግን ቁስሉን ሲያይ ወደ ሱቅ ይሄዳል። እዚያ ከሚሸጡት መድኃኒቶች ማንኮዜብ ከበሽታው ቀድሞ ቅጠል የሚሸፍን ነው፣ የገባውን አያወጣም። ሪዶሚል ውስጥ ያለው ሜታላክሲል ደግሞ ይህን ቁስል አይነካም፤ እሱ የተሠራው ለሌላ ዓይነት በሽታ፣ ለምሳሌ ለድንች ምች ነው። ለዚያም ቢሆን አውሮፓ ውስጥ ገበያ በገባ በሦስት ዓመት ገደማ፣ እ.ኤ.አ. በ1980፣ መድኃኒቱን የለመደ በሽታ ታይቷል።

የዘሩ በርም እንደገና ተከፍቷል፤ ከ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ አካባቢው በጦርነት ሲናጥ የሲሪንቃ ማዕከልም ተጎዳ፤ ገበሬው እንደገና የገበያ እህል ዘራ።

ጎተራውንም አንርሳ። በእርጥበት የገባ እህል፣ በተለይ ጉድጓድ ውስጥ፣ ሲሻግት የሚወጣው አፍላቶክሲን በመቀቀል አይጠፋም፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ኬንያ ውስጥ የተበከለ በቆሎ 125 ሰው ገድሏል።

ስለዚህ የወረዳው የግብርና ባለሙያዎች ሆይ፣ ከመርጫ ሥልጠናው በፊት ሚያዝያ ላይ የዘር ማጽጃ ሥልጠና ይኑር። ገበሬውም አረማሞ የያዘውን ራስ ሳይፈነዳ ቆርጦ ያቃጥል፣ ዘሩንም ከአውድማ አይውሰድ።