የሒሳብ ፈተና ጥያቄዎችን በኮምፒዩተር ስለ ማከማቸትና ስለ መጠበቅ

የሒሳብ መምህር ፈተና በደረሰ ቁጥር አዳዲስ ጥያቄዎችን ይጽፋል፤ ፈተናው ካለፈ በኋላ ግን ወረቀቱ ከመሳቢያ ገብቶ ይቀራል። ጥያቄው ከብዶ እንደ ሆነ ወይም ያወቀውን ካላወቀው ለይቶ እንደ ሆነ የሚመዘግብ የለም። በሚመጣው ዓመትም ሥራው እንደገና ከሀ ይጀመራል። ይኸን ድካም ለመቀነስ የታሰበው ዘዴ የጥያቄ ባንክ ይባላል። ሆኖም ብዙ ጥያቄ በኮምፒዩተር ስለ ተከማቸ ብቻ ባንክ ሆነ ለማለት አይቻልም። ባንክ የሚያሰኘው ከእያንዳንዱ ጥያቄ ጋር የሚቀመጠው መዝገብ ነው።

በመዝገቡ ላይ አስቀድሞ የጥያቄው መለያ ቁጥር፣ የክፍሉ ደረጃ፣ የትምህርቱ ርእስና የሚለካው ችሎታ ይጻፋል። ቀጥሎም የተሳሳቱት አማራጮች ለምን እንደ ገቡ ይገለጻል። ለምሳሌ (ሀ + 3)² ሲዘረዘር ምን ይሆናል ተብሎ ቢጠየቅ፣ ትክክለኛው መልስ ሀ² + 6ሀ + 9 ነው። ሀ² + 9 የሚለውን የመረጠ ተማሪ መካከለኛውን ዘንግቶታል፤ 2ሀ + 6 የሚለውን የመረጠ ደግሞ ቁጥርን በራሱ ማባዛትን በሁለት ከማባዛት ጋር አደባልቆታል። እንዲህ ያለው አማራጭ ለመምህሩ ስሕተቱን ከነምክንያቱ ይነግረዋል።

ከሙከራ ፈተና በኋላ በመዝገቡ ላይ ሁለት ቁጥሮች ይጨመራሉ። አንደኛው የቅለት መጠን ነው፤ ከ100 ተማሪዎች 60ው ቢመልሱት 0.60 ይሆናል። ሁለተኛው የመለየት ኃይል ነው። ትሩማን ኬሊ በ1939 እ.ኤ.አ. ባቀረበው ስልት መሠረት በጠቅላላ ውጤታቸው ከላይ 27 ከመቶና ከታች 27 ከመቶ የሆኑት ተማሪዎች ይነጻጸራሉ። ከላይኞቹ 27 ተማሪዎች 24፣ ከታችኞቹ 27 ደግሞ 9 ቢመልሱት፣ ልዩነቱ 15 በ27 ሲካፈል 0.56 ያህል ይሆናል፤ ይህም መልካም ጥያቄ ነው። ታችኞቹ ከላይኞቹ በልጠው የመለሱት ጥያቄ ቢገኝ ግን፣ የመልሱ ቁልፍ የተሳሳተ ወይም አነጋገሩ አሻሚ ሊሆን ስለሚችል ተመርምሮ እስኪታረም ድረስ ይታገዳል።

እነዚህ ቁጥሮች እንደ ተፈታኞቹ ብርታት ይለዋወጣሉ። ስለዚህ ዴንማርካዊው የሒሳብ ሊቅ ጊዮርግ ራሽ በ1960 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ስልት፣ የጥያቄውን ክብደትና የተማሪውን ችሎታ በአንድ መለኪያ ላይ ስለሚያስቀምጥ፣ ለትልልቅ ባንኮች ይመረጣል።

ለሒሳብ ትምህርት የኮምፒዩተር ልዩ ጥቅም ከአንድ ጥያቄ ብዙ አምሳያ ማውጣቱ ነው፤ ዳሩ ግን ቁጥር መለወጥ እንደሚመስለው ቀላል አይደለም። 90 ዲግሪ ማእዘን ባለው ጎነ ሦስት ሁለቱ አጫጭር ጎኖች 3 እና 4 ቢሆኑ ትልቁ ጎን 5 ነው። መሣሪያው በዘፈቀደ 3 እና 5ን ቢመርጥ ግን መልሱ √34 ይሆንና ጥያቄው ሌላ ችሎታ ይለካል። ስለዚህ ጎኖቹ መ² − ነ²፣ 2መነ እና መ² + ነ² እንዲሆኑ አስቀድሞ መደንገግ ይገባል። መ 3፣ ነ ደግሞ 2 ቢሆን 5፣ 12 እና 13 ይወጣሉ።

የመጨረሻው ጉዳይ ጥበቃ ነው። በ2008 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የከፍተኛ ትምህርት መግቢያ ፈተና ጥያቄዎች ከቀኑ አስቀድመው በኢንተርኔት በመሰራጨታቸው፣ ፈተናው ተሰርዞ በሌላ መተካቱ ይታወሳል። ክብደታቸው የታወቀ ጥያቄዎች በብዛት ያሉት ባንክ እንዲህ ያለ ችግር ሲደርስ ተመጣጣኝ ምትክ በቶሎ ለማዘጋጀት ያስችላል። በአንጻሩ ባንኩ ራሱ ቢደፈር የሚጠፋው የብዙ ዓመት ድካም ነው። ስለዚህ ጥያቄ ጸሐፊው፣ መርማሪውና ፈተናውን የሚያዋቅረው የተለያዩ ሰዎች ሆነው ለየራሳቸው የይለፍ ቃል ሊሰጣቸው ይገባል፤ ማን ምን ጥያቄ መቼ እንደ ከፈተ ይመዝገብ፤ ቅጂውም በሌላ ስፍራ ይጠበቅ።

ይኸን ሥራ ለመጀመር ብዙ ገንዘብ መጠበቅ አያሻም። በነፃ የሚገኘው ሙድል የተባለ ፕሮግራም የጥያቄ ባንክ አለው፤ ከላይ የተገለጹትን ሁለት ቁጥሮችም አስልቶ ይሰጣል። የሚጎድለው ጥያቄን በጥንቃቄ የሚጽፍ፣ የባልደረባውንም እርማት በደስታ የሚቀበል ሰው ነው። የተማሪ ዕድል በጥቂት ጥያቄዎች በሚወሰንበት አገር፣ ጥያቄው ራሱ አስቀድሞ ሊፈተን ይገባዋል።