የደጅ ስምና የሃይማኖት አንድነት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ ዛሬ የምንነግራችሁ በአሜሪካ አገር እየበዙ ስለ ሄዱት፥ «ክርስቲያኖች ነን እንጂ የማንም ወገን አይደለንም» ስለሚሉት ማኅበሮች ነው። እነዚህ በደጃቸው የሉተርን ወይም የካልቪንን ወገን ስም አይጽፉም፤ በላያቸው ሲኖዶስ የለም፤ እያንዳንዱ ቤት ራሱን ያስተዳድራል። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2020 ዓ.ም. በተደረገው የሃይማኖት ቈጠራ ከ44 ሺህ የሚበልጡ ቤቶችና 21 ሚሊዮን ያህል ተከታዮች ተገኝተውላቸዋል።

አሳቡ ግን አዲስ አይደለም። በዚያው አቈጣጠር በ1809 ዓ.ም. ቶማስ ካምቤል የተባለ ሰባኪ በፔንሲልቬንያ ሳለ፥ የወገን ስም ሁሉ ቀርቶ ክርስቲያኖች በመጽሐፍ ቅዱስ ብቻ አንድ እንዲሆኑ የሚጠይቅ ጽሑፍ አወጣ። ምኞቱ አይነቀፍም፤ ሐዋርያው ጳውሎስም የቆሮንቶስን ሰዎች በመምህራን ስም በመከፋፈላቸው ገሥጿቸዋል። ዳሩ ግን ይህን ምኞት የተከተሉት ሰዎች ራሳቸው ተለያዩ፤ በ1906 ዓ.ም. በመንግሥት ቈጠራ በሁለት ስም ተመዘገቡ። ካለያዩአቸው ነገሮች አንዱ፥ በጸሎት ጊዜ የዜማ መሣሪያ ይገባል ወይስ አይገባም የሚል ክርክር ነበር።

ይህ ስለ ምን ሆነ? መጽሐፉ አንድ ሲሆን አንባቢው ብዙ ነውና፤ ሁለቱም ወገን የሚቀበለው ጉባኤ አልነበረም። ሐዋርያት ግን ስለ ግዝረት ክርክር በተነሣ ጊዜ በኢየሩሳሌም ተሰብስበው በአንድነት ወሰኑ እንጂ፥ እያንዳንዱ በየቤቱ አልፈረደም። ሠለስቱ ምእትም በ325 ዓ.ም. በኒቅያ ያደረጉት ይህንኑ ነው። እንግዲህ አንድነት የሚገኘው ስምን ከደጅ በመፋቅ ሳይሆን፥ ከሐዋርያት የተቀበሉትን ሃይማኖትና ክህነት በመጠበቅ ነው።

ይሁን እንጂ ይህን የምንናገረው ልንመካበት አይደለም። በዚያ አገር ከሚያድጉ ልጆቻችን ወደ እነዚህ ቤቶች የሚሄዱ አሉ። ልጁ ቅዳሴውን ሳይተረጐምለት ብዙ ሰዓት ቆሞ፥ አንድ ቃል ሳይገባው ወደ ቤቱ ቢመለስ፥ ቃሉን በሚሰማው ቋንቋ ወደሚነግሩት ቢሄድ፥ ጥፋቱ የማን ነው? አስቀድሞ የእኛ የካህናት ነው። ተኵላን እየረገመ በጎቹን የማያሰማራ እረኛ ምን ዋጋ አለው?

ስለዚህ እኛ ካህናት ምሥጢሩን ልጆቹ በሚያውቁት ቋንቋ እንተርጕም። እናንተም ወላጆች፥ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለሱ የዕለቱን ወንጌል በማዕድ ላይ አስረዷቸው። የሄደውንም በፍቅር ጥሩት እንጂ ደጅ አትዝጉበት።

አንድ መንጋ የሚያደርገን አምላክ የተበተኑትን ይሰብስብልን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።