አንድ ቀን በትክክል ስንት ሰዓት ነው?

«አንድ ቀን 24 ሰዓት ነው» የሚለውን ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። ለትምህርት ቤት ደወል ይበቃል። መሬት ግን እንደ ደወል ደዋያችን ናት፤ አንዳንዴ ትዘገያለች፣ አንዳንዴ ደግሞ ትቸኩላለች።

መጀመሪያ ሁለት ነገር እንለይ። ሱዳን በ2000 (እ.ኤ.አ.) ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደፊት ገፍታ በ2017 መልሳዋለች። በመካከሉ የካርቱምና የአዲስ አበባ ሰዓት አንድ ስለነበር ከማዮ አገር ቤት ስንደውል ማስላት አላስፈለገንም። ይህ የመንግሥት ውሳኔ ነው፣ መሬት አታውቀውም። እኛ የምናወራው ስለራሷ ስለ መሬት ዙረት ነው።

ልዩነቱ በሚሊ ሰከንድ፣ ማለትም በሰከንድ አንድ ሺኛ የሚቆጠር ነው። ትንሽ ነው እንዳትሉ! ማዮ ያለችበት ምድር በየሰከንዱ 450 ሜትር ገደማ ወደ ምሥራቅ ይጓዛል። ስለዚህ መሬት አንድ ሚሊ ሰከንድ ብትዘገይ፣ ማዮ መድረስ ካለባት ቦታ 45 ሳንቲ ሜትር፣ አንድ ክንድ ያህል፣ ወደ ኋላ ትቀራለች።

ጨረቃ የባሕሩን ውኃ እየሳበች መሬትን በጣም በዝግታ ታዘገያታለች። ከወር ወር የሚታየው ለውጥ ግን በአብዛኛው የነፋስ ሥራ ነው። የነፋሱና የመሬቷ ዙረት ድምር ስለማይለወጥ፣ ነፋሱ ወደ ምሥራቅ ሲበረታ መሬት ያንኑ ያህል ትቀንሳለች፤ ገንዘብ ከአንድ ኪስ ወደ ሌላው እንደማዛወር ነው። በ1983 መጀመሪያ፣ በኃይለኛው ኤል ኒኞ ወቅት፣ ቀኑ አንድ ሚሊ ሰከንድ ገደማ ረዝሞ ነበር።

ታዲያ በምን ይለካል? በመኪና ስንሄድ የቅርቡ ዛፍ ወደ ኋላ ይሮጣል፣ የሩቁ ተራራ ግን የቆመ ይመስላል። ለመሬትም እንዲህ ያለ የሩቅ ምልክት ያስፈልጋል። ይኸውም ኳዛር የሚባለው፣ ብዙውን ጊዜ በቢሊዮን የሚቆጠር የብርሃን ዓመት ርቆ የራዲዮ ሞገድ የሚልክ የሰማይ አካል ነው። ጀርመን ቬትዝል እና ሃዋይ ኮኪ ያሉ ትልልቅ አንቴናዎች አንዱን ኳዛር ባንድ ጊዜ ያዳምጣሉ። የአንድ መስጊድ አዛን ለቅርቡ ሰፈር ቀድሞ እንደሚሰማ ሁሉ፣ ሞገዱም ለአንዱ አንቴና ቀድሞ ይደርሳል። ሁለቱም በአቶሚክ ሰዓት ጊዜውን እየያዙ ይቀዳሉ፤ ቅጂዎቹ በኮምፒዩተር ሲገጣጠሙ የመዘግየቱ ልክ ይወጣል። ልኩ ከተጠበቀው ከተለየ መሬትም ከተጠበቀው በላይ ወይም በታች ዞራለች ማለት ነው። በአህጉራችንም ደቡብ አፍሪካ፣ ሃርተቤስትሁክ ያለው ባለ 26 ሜትር አንቴና በእንዲህ ዓይነቱ ልኬት የታወቀ ነው።

ለስልካችን ካርታ ቦታ የሚነግሩት ሳተላይቶች እኮ መሬት ከሥራቸው ምን ያህል እንደዞረች ለብቻቸው አጥርተው መለየት አይችሉም። ይህ ልኬት ቢቋረጥ ካርታው ቀስ በቀስ ይስታል።

ለተማሪዎች፦ የምድር ወገብ ዙሪያ 40,075 ኪሎ ሜትር ነው። ወደ ሜትር ለውጣችሁ ለ86,400 ሰከንድ አካፍሉትና ከማዮው 450 ሜትር ጋር አወዳድሩ። ማዮ ለምን አነሰች? ሉል ከሌላችሁ ብርቱካን ይዛችሁ ተወያዩበት።