የአሮጌ ሞተር ብስክሌት ፍሬን እና የፓስካል ሕግ

ሆንዳ ሲቢ 750 እ.ኤ.አ. በ1969 ለገበያ ሲቀርብ የፊት ፍሬኑ በዘይት ግፊት የሚሠራ አንድ ዲስክ ነበረው፤ ለዘመኑ ብርቅ ነበር። ዛሬ ይህን ሞተር ብስክሌት የሚያድሱ ሰዎች ፍሬኑን ለማጠንከር ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ዲስክ ይጨምሩበታል። እጀታው ላይ ያለውንም ፓምፕ በትልቅ ፒስተን የሚለውጡ አሉ፤ ይህ ግን የተገኘውን ትርፍ መልሶ ሊያሳጣ ይችላል። ግፊት ማለት ኃይል ለስፋት ሲካፈል ነውና፣ የእጃችን ኃይል ሳይለወጥ የፒስተኑ ዲያሜትር ከ14 ወደ 20 ሚሊ ሜትር ቢያድግ የዘይቱ ግፊት በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ወደ 11 ቢያንስ ግን በ62 በመቶ ይጨምራል። ትንሹ ፒስተንም ቢሆን ያለ ዋጋ አይገኝም፤ ያንኑ ያህል ዘይት ለመግፋት ረዘም ያለ ርቀት ስለሚጓዝ፣ እጀታው ፍሬኑ በደንብ ሳይዝ ከመሪው ጋር ሊገጥም ይችላል። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ መለወጥ ያለበት ያረጀው የጎማ ቱቦ ነው፤ ግፊት ሲበረታበት እየተነፋ የእጀታውን ጉዞ በከንቱ ይፈጃል።