ዘገምተኛው ቴሌ ነው ወይስ የቤትዎ ዋይፋይ?

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ቴፒ፣ እንደ ሌሎቹ ከተሞች ሁሉ፣ ኢንተርኔት ሲዘገይ ጣት የሚቀሰረው ወደ ቴሌ ነው። ቅሬታው ብዙ ጊዜ እውነትነት አለው። ይሁን እንጂ ከቴሌ እስከ ቤትዎ ያለው መስመርና ከራውተሩ እስከ ላፕቶፕዎ ያለው የአየር ላይ መንገድ የተለያዩ ናቸው፤ የሁለተኛው ኃላፊ እርስዎ ነዎት። በሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ የቴፒ ግቢ የሚያስተምር መምህርም ሆነ ቤቱን ቢሮ ያደረገ ቡና ነጋዴ ወርኃዊ ክፍያውን ከማሳደጉ ወይም ከአዲስ አበባ ውድ ራውተር ከማስመጣቱ በፊት፣ በእጁ ያሉት መሣሪያዎች በየትኛው የዋይፋይ ደረጃ እየተነጋገሩ እንደሆነ ቢያይ ገንዘቡን ያድናል።

ደረጃዎቹ ቀድሞ በፊደል ብቻ ነበር የሚለዩት። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው 802.11ቢ በሴኮንድ እስከ 11 ሜጋቢት፣ በ2003 የወጣው 802.11ጂ ደግሞ እስከ 54 ሜጋቢት ያስተላልፍ ነበር። በ2009 የጸደቀው 802.11ኤን ተከተለ። የፊደሉ ነገር ገዢውን ስላደናገረ፣ የአምራቾቹ ማኅበር ዋይፋይ አሊያንስ በ2018 ወደ ቁጥር ዞረ፤ ኤን ዋይፋይ 4፣ ኤሲ ዋይፋይ 5፣ ኤኤክስ ዋይፋይ 6 ተባሉ። የዋይፋይ 7 የጥራት ማረጋገጫ መሰጠት የጀመረው በ2024 ነው።

ማጣራቱ ባለሙያ አይጠይቅም። ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ባለው ኮምፒውተር «ሴቲንግ» ከዚያ «ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት» ከዚያ «ዋይፋይ» ገብተው የተገናኙበትን ኔትወርክ «ፕሮፐርቲስ» ይክፈቱ። «ፕሮቶኮል» በሚለው መስመር ላይ ደረጃው ተጽፏል፤ «ሊንክ ስፒድ» የሚለውና የሞገዱ ዓይነት፣ 2.4 ወይም 5 ጊጋኸርዝ፣ እዚያው አለ። በማክ ኮምፒውተር የ«ኦፕሽን» ቁልፍን ተጭነው የዋይፋይ ምልክቱን መንካት ይበቃል። በብዙ አንድሮይድ ስልኮችም የተገናኙበትን ኔትወርክ ስም ሲነኩ ፍጥነቱ ይወጣል፤ በአንዳንዶቹ ምልክቱ አጠገብ 4፣ 5 ወይም 6 የሚል ትንሽ ቁጥር ይታያል።

ፍጥነቱን ከራውተሩ አጠገብ ቆመው ያንብቡ፤ ራቅ ሲሉ ቁጥሩ መውረዱ የታወቀ ነው። 72፣ 144፣ 150 ወይም 300 ካዩ አብዛኛውን ጊዜ ዋይፋይ 4 ነው። 433 እና 866 የዋይፋይ 5፣ 1201 ደግሞ የዋይፋይ 6 የተለመዱ ቁጥሮች ናቸው። ከዚህ ላይ በተግባር የሚያገኙት ግማሽ ያህሉን እንደሆነ ይወቁ።

ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ዋይፋይ 5 የሚሠራው በ5 ጊጋኸርዝ ብቻ ነው። ካርቶኑ ላይ 5 የተጻፈበት ራውተር ገዝተው ስልክዎ በ2.4 ከተገናኘ፣ የሚጠቀሙት ዋይፋይ 4ን ነው፤ የከፈሉበት ተጨማሪ ብር ካርቶኑ ላይ ቀረ ማለት ነው። ብዙ ራውተሮች ለሁለቱ ሞገዶች ሁለት ስም ያወጣሉ፤ 5 የሚል ቅጥያ ያለውን መምረጥ ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ የምስጢር ቁልፉ ነው። ራውተሩ በአሮጌው «ዌፕ» ወይም «ቲኪፕ» በተሰኘ መቆለፊያ ከተዘጋ፣ ዋይፋይ 4 የሚችል መሣሪያ እንኳ ወደ 54 ሜጋቢት ይወርዳል፤ ደንቡ ራሱ ይከለክላልና። በራውተሩ ጀርባ በተለጠፈው አድራሻና የይለፍ ቃል ገብተው መቆለፊያውን «ደብሊውፒኤ2» ከ«ኤኢኤስ» ጋር፣ ካለም «ደብሊውፒኤ3» ያድርጉት። ሌቦችንም ያርቃል።

አሮጌ ስልክም ጎረቤቱን ይጎትታል። አየሩ አንድ ስለሆነ መሣሪያዎቹ በተራ ነው የሚናገሩት፤ ዘገምተኛው ተራው ሲደርስ ብዙ ጊዜ ይወስዳል፣ ፈጣኑ ይጠብቃል። ወፍጮ ቤት አምስት ኩንታል ይዞ ከፊትዎ የቆመ ሰው እንደ ማለት ነው።

ቤቱስ? 5 ጊጋኸርዝ ፈጣን ቢሆንም ግድግዳ ይከብደዋል። በእንጨትና በጭቃ ከተሠራው ቤት ይልቅ ብረት የገባበት ኮንክሪት ያዳክመዋል፤ ቆርቆሮ ደግሞ መልሶ ያንጸባርቀዋል። ራውተሩ ሳሎን ተቀምጦ ሰርቪስ ቤት ያለው ተማሪ ልጅ በ5 እንዲገናኝ መጠበቅ ከንቱ ነው፤ እሱ በ2.4 ይሻለዋል። ራውተሩን ከቴሌቪዥኑ ኋላ አውጥቶ ከፍ ባለ ቦታ መስቀል ያለ ወጪ የሚገኝ ለውጥ ነው።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። የቤትዎ መስመር 10 ሜጋቢት ከሆነ ደህና የሚሠራ ዋይፋይ 4 ይበቃዋል፤ ዋይፋይ 6 ቢገዙ ከውጭ የሚገባው ያው 10 ነው። በፋይበር 100 ሜጋቢትና ከዚያ በላይ ለገዛ ሰው ግን በ72 የተገናኘ ላፕቶፕ ከከፈለበት ግማሹን እንኳ አያደርስለትም። ሻጮች ይህን ልዩነት ሲያስረዱ እምብዛም አይታዩም።

ጥርጣሬ ከቀረ ላፕቶፑን በኔትወርክ ገመድ ከራውተሩ ጋር አገናኝተው ፍጥነቱን ይለኩ፤ ቀጥሎ በዋይፋይ። በገመድ ፈጥኖ በዋይፋይ ከዘገየ ችግሩ የቤትዎ ነው። በገመድም ከዘገየ ሰዓቱንና የተለካውን ቁጥር ጽፈው ይያዙ፤ የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኛ ከሆኑ ወደ 994 ሲደውሉ «ኢንተርኔት ዘገየብኝ» ከማለት «10 ሜጋቢት ከፍዬ በገመድ ስለካው 3 ነው የደረሰኝ» ማለት ለጥገና ሠራተኛውም ሥራውን ያቀልለታል።