የአመጋገብ መጠይቅም ይመዘን

በዐቢይ ጾም ማብቂያ «ባለፈው ወር ወተት ስንት ጊዜ ጠጡ?» ተብሎ የተጠየቀ ምእመን «አልጠጣሁም» ቢል እውነቱን ነው፤ መልሱ ግን ዓመቱን አይገልጽም። ስለዚህ የአዋቂዎች የአመጋገብ መጠይቅ ችግረኛን ከመለየቱ አስቀድሞ ራሱ ሊመዘን ይገባል። የሚመዘነውም ጥቂት ሰዎች ባለፉት 24 ሰዓታት የበሉትንና የጠጡትን በተለያዩ ቀናት ጠይቀን፣ መልሳቸውን ከመጠይቁ ጋር ስናነጻጽር ነው። ቀናቱ ረቡዕንና ዓርብን፣ 55ቱን የዐቢይ ጾም ዕለታትና የፍስኩን ወራት ያካትቱ። ከአንድ ትሪ በጋራ ለሚመገብ ቤተሰብ የእያንዳንዱ ድርሻ ለብቻ ይጠየቅ። በየካ፣ በወሰንና በእንጦጦ ግርጌ ያላችሁ ሰበካ ጉባኤያት፣ ጠያቂው የንስሐ አባት እንዳይሆን እናሳስባለን፤ ጾም መግደፉን በአባቱ ፊት ለመናገር የሚያፍር ብዙ ነውና። መጠይቁ ሲሳሳት የተራበው ከመዝገብ ይቀራል።